ሙገር የሲሚንቶ ስም ብቻ አይደለም፦ የአንድ ሜትር ሸለቆ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 8

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት ተማሪ ጥያቄ ነው። ስለ ሉሲ እየተማርን ነበር። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ እኛ አገር ዳይኖሰር አልነበረም?"

"ነበረ" አልኳት።

"የት?"

"ሙገር።"

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። "ሲሚንቶው?" አለ አንዱ። ልጆቹ ሙገር ሲባል የሚያውቁት ሲሚንቶውን ነው። አልፈርድባቸውም። እኔም በእነሱ ዕድሜ ከዚያ ያለፈ አላውቅም ነበር።

ሙገር ግን ከሁሉም በፊት ወንዝ ነው። ከሸዋ ደጋ ወርዶ ዓባይን ይቀላቀላል። ፋብሪካው ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። አንድ የድንጋይ ንጣፍም ስሙን ከዚያው ወስዷል። የጂኦሎጂ ሰዎች "የሙገር ጭቃ ድንጋይ" ይሉታል። በጁራሲክ ዘመን ማብቂያ አካባቢ፣ ዛሬ ላይ ሆነን ስንቆጥር ከ145 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ወንዝና ሐይቅ ያስተኛው ደለል ነው። ደለሉ ደረቀ፣ ሌላ ደለል ተጫነው፣ ድንጋይ ሆነ።

ከዚህ ድንጋይ ውስጥ የዳይኖሰር ጥርስ ወጥቷል። ቦታው የጀማ ወንዝ ሸለቆ ነው፤ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ይሠራ የነበረው ማርክ ጉድዊን ከሥራ ጓደኞቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ግኝቱን አሳተመ። ዓሣ፣ ኤሊ፣ አዞ፣ ዳይኖሰር። የድንጋዩን ዕድሜ ለማወቅ የረዳቸው እዚያው ውስጥ ተቀብሮ የቆየ የዕፅዋት ብናኝ ነው። በዓይን የማይታይ ብናኝ!

ይህን ሁሉ በሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው። ገለበጡ። ደወል ተደወለና ወጡ። ማታ ቤቴ ሆኜ ሳስበው አልተዋጠልኝም። ድንጋይ በጠመኔ አይማሩትም። ስለዚህ ሸለቆውን ክፍል ውስጥ ላቆመው ወሰንኩ። አንድ ሜትር ቁመት ያለው፣ ከፊት የሚታይ፣ ከታች እስከ ላይ በእውነተኛ ድንጋይ የተደረደረ ሣጥን። ከሠራሁት እያንዳንዱን እርምጃ እዚህ እጽፋለሁ።

ጥቅምት 12

ሁለት ማታ ወረቀት ላይ ስስል አመሸሁ።

ከጎሃ ፅዮን ወደ ደጀን ዓባይ በረሃን በመኪና የወረደ ሰው ይህን ሣጥን አይቶታል ማለት ነው። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ብዙ ሰው ዓይኑን ይጨፍናል እንጂ። ከላይ ጥቁር ባዛልት አለ፤ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ወደ ታች ሲወርዱ ነጣ ያለና ቢጫማ የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ከዚያ ጄሶ ያለበት ክፍል። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ቀዩ አሸዋ ድንጋይ። ሸለቆው አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ጥልቀት አለው። እያንዳንዱ እርከን ወደ ኋላ የሚወስድ ደረጃ ነው። እኛ መኪና ውስጥ ሆነን በአንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ እንወርዳለን።

ስማቸውን ከታች ወደ ላይ ልጻፍ። አዲግራት አሸዋ ድንጋይ፣ 300 ሜትር ያህል። ጎሃ ፅዮን፣ ጄሶውና ጭቃው የተነባበሩበት፣ 450 ሜትር ያህል። አንታሎ የኖራ ድንጋይ፣ 400 ሜትር ያህል፤ ይህ ባሕር አገሩን ሸፍኖት በነበረ ጊዜ የተኛ ነው። ሙገር። ደብረ ሊባኖስ አሸዋ ድንጋይ፣ 280 ሜትር ያህል። በላዩ ላይ ባዛልቱ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢ የፈሰሰ።

ስሞቹ ራሳቸው ታሪክ አላቸው። አዲግራትንና አንታሎን የሰየመው ብላንፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው የናፒየር ጦር ጋር የመጣ የጂኦሎጂ ባለሙያ ነበር። ጦሩ ወደ አፄ ቴዎድሮስ ሲገሰግስ እሱ በመንገዱ ያለውን ድንጋይ ይመዘግብ ነበር። ጎሃ ፅዮንን ግን የሰየሙት የራሳችን ሰው ናቸው፤ ጌታነህ አሰፋ፣ እ.ኤ.አ. በ1981። ይህን ለልጆቹ በተለይ እነግራቸዋለሁ።

ልኬቱን 1 ሳንቲ ሜትር ለ20 ሜትር አደረግሁት። አዲግራት 15 ሳንቲ ይሆናል። ጎሃ ፅዮን 22 ተኩል። አንታሎ 20። ደብረ ሊባኖስ 14። ባዛልቱን ሙሉውን ላስገባው አልችልም፤ 15 ሳንቲ ላይ ቆረጥኩት።

ያስቸገረኝ ሙገር ነው። ውፍረቱ እንደ ቦታው ይለያያል። አንዳንድ ቦታ ስስ ነው፤ ሌላ ቦታ ከ300 ሜትር ያልፋል። የሥራው ምክንያት እሱ ስለሆነ ወፈር ላደርገው እጄን በላኝ። 10 ሳንቲ ጻፍኩ። ሰረዝኩ። ዳይኖሰር አለበት ብዬ ብቻ ባወፍረው ልጆቹን ማታለል ይሆንብኛል። 5 ሳንቲ ላይ ተስማማሁ። መቶ ሜትር ማለት ነው። ከጠቅላላው ሣጥን የእጅ መዳፍ ወርድ እንኳ አይሞላም። ይሁን።

ጥቅምት 19

የዕቃ ፍለጋ ቀን። የገረመኝ ነገር፣ ሸለቆው አዲስ አበባ ውስጥ ተበታትኖ ይገኛል።

ባዛልት ለማግኘት ከሰፈሬ አልወጣሁም። ኮብልስቶን ሲነጠፍ የሚተርፈው ፍርካሽ መንገድ ዳር ተከምሮ ነበር። ሠራተኞቹን ጠየቅሁ፤ "የፈለግኸውን ውሰድ" አሉኝ። አንድ ጆንያ ሞላሁ። ለአሸዋ ድንጋይ የአምቦ ድንጋይ ቁራጭ ገዛሁ፤ አጥር ላይ የሚለጠፈውን። ለታችኛው ቀላ ያለውን፣ ለላይኛው ነጣ ያለውን መረጥኩ። ጄሶ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ። ጄሶ በራሱ በዓባይ ሸለቆ ይወጣል። ባለሱቁን ይህን ታውቃለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። "እኔ የማውቀው ዋጋውን ነው" አለኝ።

የኖራ ድንጋዩን ያገኘሁት እምነ በረድ የሚቆርጡ ሰዎች ዘንድ ነው። ግቢው ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ ነው። የቱ የኖራ ድንጋይ፣ የቱ ግራናይት እንደሆነ በዓይን መለየት ያሳስታል። እኔ በኪሴ ትንሽ ብልቃጥ አቼቶ ይዤ ሄጄ ነበር። ድንጋዩን በምስማር ጫር አድርጎ ብናኙ ላይ ጠብ ማድረግ ነው። የኖራ ድንጋይ ከሆነ ይፈላል። ጆሮን ጠጋ ቢያደርጉ ይሰማል፤ ሽሽሽ ይላል፤ ለስላሳ መጠጥ ሲከፈት እንደሚሰማው፣ ግን ቀስ ብሎ። ግራናይቱ ላይ ያደረግሁት ጠብታ ዝም አለ። ቆራጮቹ ሥራ አቁመው ከበቡኝ። አንዱ ብልቃጡን ተቀብሎኝ ግቢውን በሙሉ ሞከረው።

ጭቃው ቀረ። ከመንገድ ዳር ከተቆፈረ ቦታ ቀይ አፈር በባልዲ አመጣሁ። ጭቃ ጭቃ ነው ብዬ። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት።

አንድ ነገር በግልጽ ልጻፍ። ከጀማ ሸለቆ ምንም አላመጣሁም፤ አላመጣምም። ቅሪተ አካል ያለ ፈቃድ መፈለግም ማውጣትም ክልክል ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ሰው በአጋጣሚ እንኳ ቢያገኝ ማሳወቅ አለበት ይላል። ሕጉ ባይኖርም አላደርገውም። ጥርስ ከተኛበት ከተነሳ የትኛው ንጣፍ ላይ እንደነበረ አብሮ ይጠፋል። ያለ ቦታው ጥርሱ ዲዳ ነው።

ጥቅምት 27

ሣጥኑ ተሠራ። ቁመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 30 ሳንቲ፣ ወደ ውስጥ 15 ሳንቲ። ከፊት ፕሌክሲግላስ፣ መስታወት የሚመስል ግልጽ ፕላስቲክ። አናጢው ጋሼ ሥዕሉን ሲያዩ "ይሄ የመጽሐፍ መደርደሪያ ነው ወይስ የንብ ቀፎ?" አሉኝ። ድንጋይ ሊሞላበት ነው ስላቸው እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውጥተው ወረቀቴ ጥግ ላይ አሰሉ። "ልጄ፣ ይሄ ሲሞላ ወደ ኩንታል ይጠጋል። ማን ያነሳዋል? መስታወቱስ ይችለዋል?"

ልክ ናቸው። አላሰብኩበትም ነበር።

መፍትሔውንም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ከኋላ ፑሚስ ሙላው አሉኝ፤ ብሎኬት የሚሠሩበትን ቀላል ድንጋይ። እውነተኛው ድንጋይ ከፊት በኩል 5 ሳንቲ ብቻ ይሁን፤ የቀረው ፑሚስ። ክብደቱ በብዙ ቀነሰ። ለሁለት ሰው ይነሳል። ግን ከኋላ ያለውን ልጆቹ እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። በጀርባው ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ "ከዚህ ወዲያ ያለው ፑሚስ ነው፤ የሸለቆው ድንጋይ አይደለም።"

ኅዳር 4

አዲግራት፣ ጎሃ ፅዮን፣ አንታሎ ገቡ። ሦስት ማታ ፈጀ። ብዙ የሚጻፍ የለውም፤ ድንጋይ መፍጨት፣ መወንፋት፣ በጥቂት ሲሚንቶ ለውሶ መጠቅጠቅ ነው። ሲሚንቶው ሙገር ነው። ሆን ብዬ ነው የገዛሁት።

ጎሃ ፅዮን ላይ ጄሶውንና ጭቃውን እያፈራረቅሁ ስደረድር አንድ ነገር ገባኝ። ጄሶ የሚቀረው ጨዋማ ውሃ ፀሐይ ሲመታው፣ ሲተን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ነጭ መስመር ደርቆ የቀረ ውሃ ነው። መጥቶ፣ ደርቆ፣ እንደገና መጥቶ። በእጄ ሳደርገው እንጂ ሳነበው እንዲህ አልገባኝም ነበር።

ዛሬ ጠዋት የሙገሩን ጭቃ አስገባሁ። አምስት ሳንቲ፣ ልቅም ያለ፣ ቀይ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

ኅዳር 7

ተሰነጣጠቀ። ተራ ስንጥቅ አይደለም። ጣት ያስገባል። ከፕሌክሲግላሱም ሸሽቶ ተኮማትሯል። ደብረ ሊባኖስን በላዩ ብጭን ይናዳል።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አየሁት። ጭቃ ሲደርቅ እንዲህ ነው የሚሆነው። የጥንት የጭቃ ሜዳም ፀሐይ ሲመታው እንዲህ ይሰነጠቅ ነበር፤ አሸዋ ስንጥቁን ሞልቶ ድንጋይ ውስጥ የሚቀርበት ጊዜ አለ። አንድ ጥግ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ለማሳያ ለመተው አሰብኩ። ግን አብዛኛው መውጣት አለበት። በማንኪያ ፍቄ አወጣሁት።

ኅዳር 11

ቀጨኔ ሄድኩ። ስለ ጭቃ መጠየቅ ያለብኝ በጭቃ የሚኖርን ሰው ነው ብዬ።

ሸክላ የሚሠሩ እናት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የምጣድ ጠርዝ ያስተካክላሉ። ሰላም ብዬ የተሰነጠቀውን ጭቃ ከፌስታል አውጥቼ ሰጠኋቸው። አላዩትም፤ አሹት። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል። ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነው፤ ጣታቸው ነው የሚያየው።

"ይሄ አፈር ነው" አሉኝ።

"ጭቃ አይደለም እንዴ እማማ?"

"አይደለም። ከአንድ ጉድጓድ ነው ያመጣኸው? አንድ ብቻውን አይሆንም።"

ከጓሯቸው ሁለት ዓይነት አመጡ። አንዱ ጥቁርና የሚጣበቅ፣ ሌላው ቀላ ብሎ የሚፈረፈር። ቀላቅለው ትንሽ ውሃ ረጩ፤ በመዳፋቸው ደለቁት። በየመሐሉ ጠጠር ሲነካቸው ሳያዩ እየለቀሙ ይጥላሉ። ከዚያ ከጣሳ ውስጥ አንድ ዱቄት በተኑበት።

"ምንድን ነው?"

"ገል ነው። የተሰበረ ሸክላ ተወቅጦ። ይሄ ካልገባ ይሰነጠቅብሃል። የሞተው ሕያውን ይይዘዋል።"

ይህን አባባል ሌላ ቦታ ሰምቼው አላውቅም። ደግመው እንዲነግሩኝ ጠይቄ ጻፍኩት። ነገሩ ልክ ነው። የተተኮሰ ሸክላ ውሃ አግኝቶ አያብጥም፤ ደርቆም አይኮማተርም። በጭቃው መሐል ሲገባ መላው ጭቃ እንዳይሸሽ ይይዘዋል።

ለምን እንደፈለግሁት ስነግራቸው ዳይኖሰር የሚለውን ቃል አልያዙልኝም። "በጣም ትልቅ እንሽላሊት የሚመስል፣ ድሮ የጠፋ እንስሳ" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "ጭቃ ውስጥ ሞቶ ነው የተገኘው?" አሉ። አዎ አልኩ። "ጭቃ ነገር ያቆያል" አሉና ወደ ምጣዳቸው ተመለሱ።

ሁለት ፌስታል የተቀላቀለ ጭቃና አንድ ጣሳ ገል ሰጡኝ። ገንዘቡን በግድ ነው የተቀበሉኝ።

ኅዳር 15

ሙገር ገባ። አልተሰነጠቀም። አራት ቀን ሆነው። ከፕሌክሲግላሱ ጋር ተጣብቆ፣ ጽኑ ሆኖ ቆሟል። ደብረ ሊባኖስንም በላዩ ጠቀጠቅሁ። ባዛልቱ በሚቀጥለው ሳምንት።

ኅዳር 18

ቅዳሜ ስለሆነ ደብረ ሊባኖስ ሄጄ መጣሁ። ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ገዳሙን ተሳልሜ ገደሉ ጫፍ ላይ ወጣሁ። ብዙ ሰው እዚህ የሚመጣው በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ስም ነው። ድንጋዩም የዓለም ጂኦሎጂ ወረቀት ላይ የገባው በገዳሙ ስም ነው። ሳስበው ልቤን ሞቅ አለው።

ያየሁትን በደንብ መጻፍ አለብኝ፤ ምክንያቱም ሣጥኔን እንድለውጥ አድርጎኛል።

ጠንካራው ድንጋይ ገደል ሆኖ ይቆማል። ለስላሳው ግን መቆም አይችልም። ይሸረሸራል፣ ይናዳል፣ ተዳፋት ይሆናል። ስለዚህ ሸለቆን ከሩቅ ሲያዩ ዓይን የሚይዘው ገደሉን ነው። ከገደሉ ሥር ያለውን ተዳፋት ማንም አያየውም። ሣር ይሸፍነዋል፤ ድንጋይ ከላይ ይንከባለልበታል፤ ፍየል ይሄድበታል። ጭቃ ድንጋይ የሚደበቀው እንደዚህ ዓይነት ቦታ ነው። ዳይኖሰር ፈላጊ ገደሉን አይወጣም። አንገቱን ደፍቶ ተዳፋቱን ይሄዳል፤ ዝናብ አጥቦ ያወጣውን ፍርፋሪ በዓይኑ ይለቅማል።

እኔ ግን ንጣፎቹን ሁሉ አንድ ልክ አድርጌ ነው የጠቀጠቅኳቸው፤ እንደ ኬክ። ሸለቆ እንደዚያ አይደለም። ተመልሼ ገና ያልደረቀውን የአሸዋ ድንጋይ ጠርዝ ወደ ፊት አወጣሁት፤ የሙገርን ፊት በማንኪያ ወደ ውስጥ አዘነበልኩት። ለዚህ ስል ፕሌክሲግላሱን ከዚያ ቦታ ላይ ቆርጬ አነሳሁ። አሁን ልጅ ጣቱን አስገብቶ ጭቃውን መንካት ይችላል። ከመጀመሪያው እንደዚህ መሆን ነበረበት።

ታኅሣሥ 1

ጥርስ መሥራት።

ሣጥኑ ለማየት ነው። ለመፈለግ ግን ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ልጆቹ ራሳቸው ጭቃ አጥበው፣ ወንፍተው፣ ጥርስ እንዲያገኙ እፈልጋለሁ። ጥቃቅን ቅሪተ አካል በብዙ አገር የሚገኘው እንደዚህ ነው፤ ጭቃው በውሃ ይሟሟል፣ በወንፊት ይጠለላል፣ የቀረው በማጉያ መነጽር ይለቀማል። በዓይን ብቻ ቢሆን ብዙው ያልፋል። ከሙገር ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ2007 የታወቀ የአንድ ጥቃቅን አጥቢ እንስሳ የታችኛው መንጋጋ ቁራጭ አለ፤ ጥርሶቹ የረገፉ። ያ ፍጥረት በዳይኖሰሮቹ እግር ሥር ይሮጥ ነበር። እንደዚህ ያለውን ማን በቁመቱ ቆሞ ያየዋል?

ሥጋ ቤት ሄጄ የበሬ ቅልጥም ለመንኩ። ቀቀልኩት፣ ፋቅሁት፣ አደረቅሁት። በብረት መጋዝ ሰነጠቅሁት። ከዚያ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት። አጥንት ሲሞረድ ሽታው ከባድ ነው፤ ጥርስ ሐኪም ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። ባለቤቴ ወደ በረንዳ አስወጣችኝ።

የሥጋ በሊታው ጥርስ ወደ ኋላ የቆለመመና ጠፍጣፋ ነው፤ እንደ ጩቤ። ጠርዙ ላይ እንደ መጋዝ ጥቃቅን ጥርስ አለው። እሱን ለማውጣት በመርፌ ሞረድ አንድ በአንድ ጫርኩ። አንዱ ጥርስ ብቻ ሁለት ሰዓት ወሰደብኝ። የቅጠል በሊታው አጭር ነው፤ ቅጠል ይመስላል። ሳንባ ያለው ዓሣ ጥርስ ደግሞ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ሰሌዳ ነው፤ ሸንተረር ሸንተረር ያለው። በድምሩ አሥራ ሁለት ሠራሁ። ለማጥቆር የቡና አተላ ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኳቸው። ጠዋት ሳወጣቸው የዓመታት ዕድሜ ያላቸው ይመስላሉ። በእያንዳንዱ ላይ በእርሳስ "የተሠራ" ብዬ ጻፍኩ።

ክፍል ውስጥ ስናወራ አንድ ልጅ ጠየቀ። "ለምን ጥርስ ብቻ? ሙሉ አጥንቱስ?"

ጥሩ ጥያቄ ነው። ዳይኖሰር ዕድሜውን ሙሉ ጥርሱን ይቀይራል፤ አሮጌው ይረግፋል፣ አዲሱ ይተካል። አንድ እንስሳ ብዙ ጥርስ ጥሎ ያልፋል። ጥርስ ደግሞ ከአካል ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ወንዝ አንከባሎት እንኳ ይተርፋል። ሙሉ አፅም የሚገኝበት ቦታ ግን አለ፤ ሩቅም አይደለም። የዛሬዋ ታንዛኒያ ውስጥ ቴንዳጉሩ የሚባል ኮረብታ አለ። ድንጋዩ የኛው የሙገር ዘመን ድንጋይ ነው፤ የጁራሲክ ማብቂያ። ጀርመኖች ከ1909 እስከ 1913 እ.ኤ.አ. ድረስ ቆፈሩት። ከ200 ቶን በላይ አጥንትና ድንጋይ የአገሬው ሰዎች ተሸክመው በእግር እስከ ሊንዲ ወደብ አደረሱ። ከዚያ የወጣው አፅም ዛሬ በርሊን ሙዚየም ውስጥ ቆሟል፤ ቁመቱ ከ13 ሜትር ይበልጣል። አራት ፎቅ ማለት ነው።

"የኛስ ቢፈለግ?" አለች ያችው የመጀመሪያዋ ጠያቂ።

ቢፈለግ አልኳት። አንቺ ፈልጊው።

ታኅሣሥ 8

የመጀመሪያው ወንፊት አልሠራም። ጭቃውን እርጥቡን ነው ውሃ ውስጥ የነከርኩት። አንድ ቀን ሙሉ ቢዘፈዘፍ አልሟሟም። ልጆቹ በጣታቸው እየገፉ ሊያሳልፉት ሞከሩ። ያ ሁለት ሰዓት የፈጀው ጥርስ ለሁለት ተሰበረ። የሰበረው ልጅ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። "እውነተኛ ቦታ ላይም ይሰበራል፤ ሙጫ የተፈጠረው ለዚህ ነው" አልኩት። አጣበቅነው።

ታኅሣሥ 17

ዛሬ ሠራ!

ምስጢሩ ማድረቅ ነው። የቀረውን የቀጨኔ ጭቃ፣ ጥርሶቹን አስገብቼ፣ እንደ ኩበት ጠፍጥፌ ጣሪያ ላይ ሳምንት አሰጣሁት። ድንጋይ ሆነ። ብጥለው የሚሰበር አይመስልም። ከዚያ ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ከተትነው።

ሃያ ልጅ ሳፋውን ከቦ አየ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ አረፋ መውጣት ጀመረ፤ በቀጭን መስመር፣ ከአንድ ጥግ። ቀጥሎ ከሁሉም ጥግ። ጭቃው መንተክተክ ጀመረ፤ እሳት የሌለው ሽሮ። ጠርዙ ተፈረፈረ፣ ተናደ፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከሳፋው ሥር ለጥ ብሎ ተኛ። ማንም አልነካውም። ውሃው ወደ ደረቀው ጭቃ ቀዳዳ ሲገባ አየሩን እየገፋ ያወጣዋል፤ ጭቃው ሲያብጥ ራሱን ይበትናል። እርጥብ ከሆነ ግን ቀዳዳው አስቀድሞ ስለተሞላ ምንም አይሆንም። በመጽሐፍ ቢሆን ይህን ለማስረዳት አንድ ክፍለ ጊዜ ይፈጅብኝ ነበር።

የዱቄት ወንፊት ተጠቀምን። አንዱ ያፈሳል፣ አንዱ ያወዛውዛል፣ አንዱ በቀስታ ውሃ ይጨምራል። መግፋት ክልክል። የቀረውን ጋዜጣ ላይ አሰጣነው። አራት አራት ሆነው በማጉያ መነጽርና በወስፌ ለቀሙ። ያን ጊዜ ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ አስተማሪ ከሆንኩ ጀምሮ ያንን ክፍል እንደዚያ ጸጥ ብሎ አላየሁትም።

የመጀመሪያውን ያገኘው ጥርሱን የሰበረው ልጅ ነው። አልጮኸም። መዳፉ ላይ አስቀምጦ ለጎረቤቱ አሳየ። "ጠርዙን እየው፤ መጋዝ አለው" አለው።

መዝገብ ያዝን። ቁጥር፣ ምን እንደሆነ፣ ከየትኛው ጥፍጥፍ እንደወጣ። አሥራ ሁለቱም ጥርስ ተገኘ። ሌሎችም ነገሮች ተመዘገቡ፤ ጠጠር፣ ሥር፣ የጤፍ አገዳ ስባሪ። ቁጥር 31 ላይ ግን አንድ ነገር አለ፤ የጥፍር መጠን የምታክል፣ ቡናማ፣ በአንድ በኩል ለስላሳ፣ ጠርዟ በትንሹ የታጠፈ። እኔ አላስገባሁትም። ልጆቹ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። አላወቅሁትም። "ያልታወቀ" ብለው መዘገቡት።

ታኅሣሥ 20

ሣጥኑ ጎን ገመድ ሰቀልን። 1 ሳንቲ ሜትር ለአንድ ሚሊዮን ዓመት። ከላይ ዛሬ ነው። ልጆቹ ቀይ ክር እያሰሩ ወረዱ። እኛ፣ የዛሬው ሰው፣ 3 ሚሊ ሜትር ላይ ነን፤ ክሩ ራሱ ከዚያ ይወፍራል። ሉሲ 3 ሳንቲ ከ2 ሚሊ። ባዛልቱ 30 ሳንቲ አካባቢ። ዳይኖሰሮች የጠፉበት 66። ሙገር 1 ሜትር ከ45 አልፎ፣ ወለል ሊነካ ትንሽ ሲቀረው። ለማሰር ልጅቷ መሬት ላይ ቁጭ ማለት ነበረባት።

አንድ ልጅ ሣጥኑንና ገመዱን ሲያስተያይ ቆይቶ ጣቱን ቀሰረ። ሣጥኑ ላይ ባዛልቱ አሸዋ ድንጋዩ ላይ በቀጥታ ተቀምጧል። ገመዱ ላይ ግን በሁለቱ መሐል ከግማሽ ሜትር በላይ ባዶ አለ። "ይሄ ሁሉ የት ሄደ?" ታጥቦ ሄዷል፤ ወይም መጀመሪያውኑ እዚያ ደለል አልተኛም። ድንጋይ ሁሉንም ዘመን አይመዘግብም። እዚያ ባዶ ላይ ነጭ ክር አሰረበት።

ታኅሣሥ 25

የተረፈኝን ገል ለመመለስ ቀጨኔ ሄድኩ። ቁጥር 31ን በክብሪት ቀፎ ይዤ ነበር። እማማ ጭቃ በእጃቸው ስለነበር መዳፋቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ተቀበሉኝ። እንደዚያን ቀን አላዩትም። በአውራ ጣታቸው ጠርዙን ዳሰሱት፤ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ።

"የጀበና አፍ ነው" አሉኝ። "በደንብ አልተወቀጠም። ትንሽ ጀበና ናት፤ የሁለት ሰው።"

መዝገቡ ላይ "ያልታወቀ" የሚለውን አልሰረዝኩም። ከጎኑ የነገሩኝን ጻፍኩበት።